የመጀመሪያው የመኪና ባለሙያችን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ውስጥ ከቀደሙት አባቶች የአንዱን የሕይወት ታሪክ ለማውጣት ስናስብ፣ በጅቡቲ ከተማ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ሰው እንዲሆን ፈለግን። የመረጥናቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ነው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በሌላ ምክንያት ነው። የቅኔ ወዳጆች በሰምና ወርቅ ግጥሞቻቸው ያስታውሷቸዋል። የሙዚቃ ወዳጆች ድምፃቸው በሸክላ የተቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ መሆናቸውን ይናገራሉ። የእግር ኳስ ወዳጆች ደግሞ የይድነቃቸው ተሰማ አባት ብለው ያውቋቸዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ብዙ ያልተነገረለትን ሌላ ሥራቸውን ነው። ነጋድራስ ተሰማ መኪና መንዳትንና መጠገንን ውጭ አገር ሄደው በመማር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሾፌርና መካኒክ ተብለው የሚታወሱ ሰው ናቸው።

ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በጅቡቲ ከተማ በየግቢያችን ስንዘዋወር በሸራ የተሸፈኑ አሮጌ መኪኖች እናያለን። ፔጆ 404 አለ፤ ፔጆ 504 አለ፤ ላንድሮቨር አለ። አንዳንዶቹ ባለቤቶቻቸው በትርፍ ሰዓታቸው እየጠገኑ፣ እየቀቡና እያጠቡ በክብር ያቆዩአቸው ናቸው። ሌሎቹ ግን የባሕሩ ጨው እየበላቸው፣ ጎማቸው መሬት ነክቶ የቆሙ ናቸው። ባለቤቱ ወደ አገር ቤት ሲመለስ ወይም ከዚህ ዓለም ሲለይ ደግሞ ልጆቹ የአባታቸውን መኪና በኪሎ ለቁራጭ ብረት ገዢ ይሰጡታል። መኪናውን ማን ያስነሣው፣ ማንስ ይጠግነው የሚለው ጥያቄ መልስ ስለሚያጣ ነው። ይህ ጥያቄ ግን አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመታት በፊት የመጀመሪያው መኪና በዚህችው ከተማ በኩል አልፎ ኢትዮጵያ ሲገባ ዳግማዊ ምኒልክም የገጠማቸው ይኸው ጥያቄ ነበር።

ትውልድና አስተዳደግ

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም በምንጃር ነው። ምንጃር በሸዋ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ፣ በጤፉ የታወቀ አገር ነው። የተወለዱበት ዘመን ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት ሲሆን፣ አዲስ አበባም አልተቆረቆረችም ነበር። ያደጉት አገሪቱ በፍጥነት በምትለወጥበት ወቅት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ ተመሠረተች፤ የዐድዋ ጦርነት ሲደረግ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጉ ወጣት ነበሩ።

በዚያ ዘመን አንድ ወጣት ከፍ ለማለት ሁለት ነገር ያስፈልገው ነበር፤ በቤተ መንግሥት ወይም በመኳንንት ቤት ማገልገልና አንደበት። ተሰማ ሁለቱንም ታደሉ። ግጥም መግጠም፣ ማሲንቆ መምታትና ቃልን በሰምና በወርቅ ማስማማት ተክነውበት ነበር። ነገር ግን በሙያቸው አዝማሪ አልነበሩም። ይህ ልዩነት በዚያን ጊዜ ትልቅ ነበር። አዝማሪ ዘፍኖ የሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ ተሰማ ግን ለጨዋታና ለወዳጅነት የሚያንጎራጉሩ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር እናስታውስ። በምኒልክ ዘመን ሌላም ታዋቂ ተሰማ ነበሩ። እኒያ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና የመንግሥት እንደራሴ የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ናቸው። የኛው ተሰማ እሸቴ ናቸው።

መኪናው በጅቡቲ በር

የጅቡቲና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ሥራ ከዚህ ከጅቡቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን በገንዘብና በመንግሥታት ፉክክር ምክንያት ሥራው ለዓመታት ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ስለዚህ በ1900 ዓ.ም ገደማ ከጅቡቲ ወደብ የወረደ ማንኛውም ከባድ ዕቃ ከድሬዳዋ በላይ የሚጓዘው በግመል፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ነበር።

ይህን እያወቁ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ለምኒልክ መኪና ለማድረስ ተነሡ። አንደኛው ቢድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ሲድሊ የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን ወራት በፈጀ ጉዞ አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። ሁለተኛው አርኖልድ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ ነው። እርሱም በጀርመን አገር በሳክሶኒ የተሠራች ናከ የተባለች መኪና ይዞ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ሁለቱም የመጡት በዚህ በባሕር በራችን ነው። በከተማችን መሐል ፕላስ ሜኔሊክ እያልን የምንጠራውን አደባባይ ስናቋርጥ ብናስታውሰው የሚገባ ታሪክ ነው።

እስቲ ያን ጉዞ ዛሬ መኪና የምንነዳ ሰዎች እናስበው። የተሠራ መንገድ የለም። ነዳጅ ማደያ የለም፤ ቤንዚኑ በቆርቆሮ ታሽጎ አብሮ መጓዝ አለበት። ራዲያተሩ በሙቀት ሲፈላ የሚጨመረው ውኃ ለሰውና ለእንስሳም የሚያስፈልግ ውኃ ነው። ድንጋዩ ጎማውን ይበሳል። ወንዙ ሲሞላ ይጠበቃል፤ ዳገቱ ሲከብድ መኪናዋ በገመድ ትጎተታለች። ነድተው አስገቡ ከማለት ይልቅ ግማሹን ነድተው ግማሹን አስጎትተው አስገቡ ማለት ይሻላል።

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ነገር የሚወዱ ንጉሥ እንደነበሩ የታወቀ ነው። ስልክ አስገብተዋል፤ ባንክ አስከፍተዋል፤ በስማቸው ገንዘብ አሠርተዋል። መኪናዋንም ተሳፍረው ሄዱባት። ነገር ግን ብልህነታቸው የታየው በመሳፈራቸው አይመስለንም። ይዘዋት የመጡት ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ መኪናዋ ቆማ እንደምትቀር ተረዱ። ስለዚህም ከራሳቸው ሰዎች አንዱ ሄዶ ሥራውን እንዲማር አዘዙ። የተመረጡት ተሰማ እሸቴ ሆኑ።

ጉዞ ወደ ጀርመን

ተሰማ ከአርኖልድ ሆልዝ ጋር ወደ ጀርመን የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ዕድሜያቸው ሠላሳ አልፎ ነበር። ይህን ልብ እንበል። የቤተ መንግሥት ሰው፣ በአንደበቱ የተከበረ ጎልማሳ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር እጁን በዘይትና በጥላሸት አጥቁሮ እንደ ገና ተማሪ ሆነ። በዚያን ዘመን በአገራችን የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ይናቅ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸማ የሚሠራ ሁሉ የስድብ ስም ይወጣለት ነበር። ምኒልክ ይህን ንቀት በአዋጅ ከልክለው እንደነበረም ይታወቃል። ተሰማ ያንን ሙያ ለመማር መሄዳቸው እንግዲህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጀርመን በዚያን ጊዜ የመኪና አገር ለመሆን ገና እየጀመረች ነበር። ካርል ቤንዝ የመጀመሪያ መኪናውን በስሙ ካስመዘገበ 22 ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። በጀርመን የመጀመሪያው የመኪና መንዳት ትምህርት ቤት በአሻፈንቡርግ ከተማ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ ለአገሩ ሁሉ የሚሠራ የመኪና ሕግ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1909 ተሰማ እዚያ ሳሉ ነው። ስለዚህ ተሰማ ሙያውን የተማሩት የሰለጠኑት አገሮች ራሳቸው ገና ሲማሩት ነው። በዚህ ሥራ ኢትዮጵያዊው ከሌላው ብዙ ወደ ኋላ አልቀረም ብንል ማጋነን አይሆንም።

የዚያ ዘመን መኪና

ያን ጊዜ ሾፌር መሆንና መካኒክ መሆን አንድ ሥራ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት የዚያን ዘመን መኪና ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩ የሚነሣው ከፊት በማኒቬላ እየተዞረ ነው። ማኒቬላው ወደ ኋላ ቢመታ የሰው ክንድ ይሰብራል። የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ ሳይሆን ካርባይድ በውኃ ሲነካ የሚወጣው ጋዝ ተለኩሶ የሚበራ ነበር። የመንኮራኩሩ ዘንጎች የእንጨት ናቸው፤ በደረቅ አየር ይሰነጠቃሉ፣ ይላላሉ። የብዙዎቹ ፍሪሲዮን ቆዳ የለበሰ ስለነበር ቆዳው ሲደርቅ በዘይት ይለሰልሳል፣ ሲበላ ይለወጣል። ግራሶው በየመገጣጠሚያው በእጅ ይሞላል። ጎማው ጥቂት ርቀት ሄዶ ይበሳል፤ እዚያው መንገድ ላይ ተፈትቶ ይለጠፋል።

ቀለሙም እንደዛሬው አልነበረም። የመኪና አካል የሚቀባው እንደ ሠረገላ በብሩሽ ነው። አንዱ ሽፋን እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፤ ከደረቀ በኋላ ይፈገፈጋል፤ ሌላ ይደገማል፤ በመጨረሻ በቫርኒሽ ይሸፈናል። አንድ መኪና ቀለም ቤት ገብቶ እስኪወጣ ሳምንታት ይቆይ ነበር። በመርጨት የሚቀባውና ቶሎ የሚደርቀው ቀለም የተስፋፋው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን መኪና ያለው ሰው መኪናውን በየቀኑ የሚያጥብ፣ የሚያደርቅና የሚወለውል ሰው ከሌለው ቫርኒሹ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ፣ ብረቱ ዝጎ በጥቂት ዓመታት ያልቅ ነበር። ለእኛ የጅቡቲ ነዋሪዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሸክላ የቀረ ድምፅ

ተሰማ በጀርመን ሳሉ ሌላም ነገር አጋጠማቸው። የሸክላ ኩባንያዎች በዚያን ዘመን ከየአገሩ ድምፅ እየፈለጉ ይቀርጹ ነበር። መኪና ለመማር የሄዱት ኢትዮጵያዊ በበርሊን ማሲንቋቸውን ይዘው ከአሥር በላይ ሸክላዎች አስቀረጹ። እነዚህ በኢትዮጵያዊ ድምፃዊ የተቀረጹ የመጀመሪያዎቹ የሙዚቃ ሸክላዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ነው ታሪክ ሙዚቀኛነታቸውን አጉልቶ መካኒክነታቸውን ያደበዘዘው። ሸክላው ቀርቷል፤ ጥገናው ግን ሥራ ነውና ከሠሪው ጋር ያልፋል። ቢሆንም ሁለቱም የአንድ ጉዞ ፍሬ ናቸው። መኪናው ባይኖር ኖሮ ሸክላውም ባልኖረ ነበር።

መመለስ

ሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ተሰማ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያገኟት አዲስ አበባ ግን ትተዋት የሄዱት አልነበረችም። ምኒልክ በ1901 እና በ1902 ዓ.ም ሕመሙ ጠንቶባቸው ሰውነታቸው ታስሮ ነበር። ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ተብለው ታውጀዋል። መኪናውን እንዲማሩ ያዘዟቸው ንጉሥ ተሳፍረው ለመሄድ የማይችሉ ሆነዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ዐረፉ። ከታዘዙበት ሥራ ሲመለሱ ያዘዘውን ሰው በደኅና አለማግኘት ምን ያህል ልብ እንደሚሰብር በስደት የምንኖር ሁሉ እናውቀዋለን።

ሥራው ግን አልቀረም። ተሰማ የቤተ መንግሥቱ ሾፌርና የመኪና ጠጋኝ ሆኑ። ይህ ምን ማለት እንደነበረ ከዘመኑ ሁኔታ መገመት እንችላለን። በከተማው ጋራዥ የለም። መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም። አንድ ብሎን ቢጠፋ፣ አንድ ካንዴላ ቢቃጠል፣ ምትኩ የሚመጣው በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በኋላ በእንስሳ ጭነት ነው። እንዲህ ባለ አገር መኪናን የሚያቆየው ጥገና ብቻ ሳይሆን ከመበላሸቱ በፊት የሚደረግለት እንክብካቤ ነው። ያለውን ዕቃ እስከ መጨረሻው መጠቀም፣ የማይገኘውን ደግሞ በአገር ብረት ቀጥቃጭና በአገር ቆዳ ፋቂ እጅ ማሠራት ግድ ይላል።

ሌላም ችግር ነበረ፤ ቃል አልነበረም። ዛሬ በጋራዥ የምንጠቀምባቸው ቃላት አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እንላለን። ላሜራ የሚያቃናውን ባትላሜራ፣ ጎማ የሚለጥፈውን ጎሚስታ ብለን እንጠራለን። ሾፌርና ጋራዥ ደግሞ የፈረንሳይኛ ናቸው። ተሰማ ሙያውን ተምረው ሲመለሱ ግን አብዛኛው የዚህ ቋንቋ ገና አልገባም ነበር። በጀርመንኛ የተማሩትን ለአማርኛ ተናጋሪ ረዳት ማስረዳት ነበረባቸው። ቅኔ ዐዋቂነታቸው እዚህ ላይ ሳይረዳቸው አልቀረም ብለን እናምናለን።

የልጅ ኢያሱ ዘመንና መከራው

ልጅ ኢያሱ ሥልጣን በጨበጡ ጊዜ ገና የአሥራዎቹ ዕድሜ ወጣት ነበሩ። ተሰማ በጨዋታ ዐዋቂነታቸውም በሙያቸውም የልጅ ኢያሱ ቅርብ ወዳጅ ሆኑ። በመንግሥት ሥራም ከፍ እያሉ ሄደው ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ አገኙ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ማለት ነው። ከማኒቬላ ተነሥተው እዚህ መድረሳቸው በእጅ ሥራ ለሚሳለቁ ሁሉ መልስ ነበር።

ነገር ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። የእርሳቸው መውደቅ ለወዳጆቻቸው ሁሉ የመከራ ዘመን ሆነ። የነጋድራስ ተሰማም ክብር በዚያው ጊዜ ተነካ፤ የቤተ መንግሥቱም ቅርበት አበቃ። ታዋቂው ልጃቸው ይድነቃቸው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1921 በጅማ ነው።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር እናስባለን። ሥልጣን ተሽሮ ይወሰዳል፤ ርስትም ይነጠቃል። አንድ ሰው በእጁ የተማረውን ሙያና በልቡ የያዘውን ቅኔ ግን ማንም ሊወስድበት አይችልም። ከመካከላችንም በልዩ ልዩ ዘመን ሥራቸውን፣ ቤታቸውንና አገራቸውን ትተው ወደዚህ ከተማ የመጡ ብዙዎች አሉ። ብዙዎቹን ያቆማቸው ይዘውት የመጡት የእጅ ሙያ ነው። ባትላሜራው፣ ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ልብስ ሰፊው ሁሉ የዚህ ምስክር ናቸው።

የመጨረሻ ዘመንና የቀረው ነገር

ነጋድራስ ተሰማ ረጅም ዕድሜ ኖረው፣ አምስት መንግሥት አይተው፣ ጠላት ገብቶ ሲወጣም ታዝበው እ.ኤ.አ. በ1964 ዐረፉ። ሲወለዱ በኢትዮጵያ አንድም መኪና አልነበረም። ሲሞቱ የአዲስ አበባ ጎዳና በፊያት ታክሲና በቮልስዋገን ተሞልቶ ነበር። ከመሞታቸው ሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በልጃቸው በይድነቃቸው አሠልጣኝነት ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስታነሣ ለማየት በቅተዋል። ይድነቃቸው በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። የአባታቸውንም ቅኔዎችና ታሪክ ሰብስበው ሰምና ወርቅ በተባለው መጽሐፍ አቆይተውልናል።

ሸክላዎቹስ ምን ሆኑ? የሸክላ ዲስክ እንደ መኪና ነው። ሲወድቅ ይሰበራል፤ አቧራ ይቧጭረዋል፤ መርፌ በተደጋጋሚ ሲሄድበት ይበላል። ብዙ ዓመት ጠፍተው የነበሩት የተሰማ ሸክላዎች በጥቂት ሰዎች ትጋት ተፈልገው፣ ጸድተውና ድምፃቸው ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራ 27ኛ ቁጥር ሆነው ወጡ። ዛሬ ጅቡቲ ቤታችን ተቀምጠን ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ድምፅ መስማት እንችላለን። ይህ የሆነው አንድ ሰው አሮጌ ነው ብሎ ስላልጣለው ነው።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

የነጋድራስ ተሰማን ታሪክ የምናከብረው በቃል ብቻ ሳይሆን በግቢያችን በምናደርገውም ነው። አሮጌ መኪና ለማደስ ትልቅ ጋራዥ አያስፈልግም። የማኅበራችን አባላት በቤታቸው ከሚሠሩት ያየነውን ባጭሩ እናስቀምጣለን።

የጅቡቲ መኪና ዋና ጠላቱ ጨው ነው። ስለዚህ ቀለም ከመነካቱ በፊት መኪናው ከላይም ከታችም በጣፋጭ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ጨው ከቀለም ሥር ከቀረ ቀለሙ በወራት ውስጥ አረፋ ያወጣል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፋቅ። የበሰበሰ ላሜራ በስቱኮ አይሸፈን፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ፤ ከመበየዱም በፊት ባትሪው ይፈታ። የተፋቀ ብረት በዚህ እርጥብ አየር ሲያድር ይዝጋልና የዝገት መከላከያው ቀለም በዚያው ዕለት ይቀባ። ስቱኮ በስሱ ተደርቦ ይፈገፈግ። የላይኛው ቀለም ሙቀቱ በሚበርድባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ነፋስ ሳይነሣ ማለዳ ላይ ይረጭ። አቧራ እንዳይነሣ መሬቱ በውኃ ይርጠብ። የሚረጨው ሰው ተገቢውን የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ያድርግ፤ ልጆችና እሳት ይራቁ።

መኪናው ከታደሰ በኋላ ደግሞ ቆሞ አይረሳ። በሳምንት አንድ ቀን ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ይነሣ፤ ጥቂትም ይነዳ። ጎማው ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንዳይቆም ቦታው ይለወጥ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር። የሚሸፈነውም አየር በሚያስገባ ሸራ እንጂ በፕላስቲክ አይሁን፤ ፕላስቲክ ላቡን ይይዝና ከውስጥ ያዝገዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ሥራ ብቻን አይሠራ። በእሑድ ማለዳ አባት መኪናውን ሲያጥብ ልጁ ወይም ልጅቱ ባልዲውን ትያዝ፤ ካቻቢቴውን ታቀብል፤ የዕቃውን ስም ትጠይቅ። ምኒልክ መኪና ማግኘት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ተረድተው ሰው ልከው አስተማሩ። እኛም መኪና ብቻ ትተን ብንሄድ ልጆቻችን ለቁራጭ ብረት ገዢ ይሰጡታል። ሙያውን አስተምረን ብንሄድ ግን መኪናው ቢያልቅም እንኳ የተማሩት ይቀርላቸዋል። ማኅበራችን ከዚህ ኢዮቤልዩ በኋላ በሚመጡት ዓመታት ወጣቶችን ከባለሙያ አባላት ጋር የሚያገናኝበትን መንገድ ሁላችንም እንድናስብበት በትሕትና እናሳስባለን።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ለመሄድ መርከብ የተሳፈሩት ከዚህ ከጅቡቲ ወደብ ነው። የሄዱትም አገራቸው የማታውቀውን ሙያ ለማምጣት ነው። ዛሬ ወደቡን ስናይ፣ በሸራ የተሸፈነችውንም አሮጌ ፔጆ ስናይ እናስታውሳቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ለመላው የማኅበራችን አባላትና ቤተሰቦች መልካም የኢዮቤልዩ በዓል እንመኛለን።